ዱካሞ እና በሰው ስም የተያዘው ኮሚክ

ዱካሞ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ መሸጥ የጀመረው ለመጠቅለያ ብሎ በገዛው ወረቀት ነው። ያን ጊዜ ጆሃንስበርግ ዳር ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረው። አገር ቤት ባለሱቅ ሁሉ ቆሎውንም ከረሜላውንም የሚጠቀልለው በአሮጌ መጽሔት ነው። እሱም አንድ ነጭ ሽማግሌ ቤቱን ሸጦ ሲወጣ በር ላይ የደረደራቸውን ካርቶኖች በርካሽ ገዝቶ አመጣ። ሥዕል የሞላባቸው፣ ለመጠቅለል የሚመቹ መጻሕፍት ነበሩ። ገጹን እየገነጠለ ለውዝ ሲሸጥበት ከረመ።

ከዚያ ናኦል መጣ። ናኦል እዚሁ ጆሃንስበርግ ያደገ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። አጎቱን ሊጠይቅ ቮስሎሩስ ሄዶ ከዱካሞ ለውዝ ገዛ። ለውዙን ትቶ ወረቀቱን ዘረጋው።

«ጋሼ፣ ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ምኑን? ለውዙን?»

«ወረቀቱን! ኧረ ኖ! ይኼ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ የወጣ ኮሚክ ነው። ሰው በላስቲክ አሽጎ የሚያስቀምጠውን አንተ ለውዝ ትጠቀልልበታለህ?»

ዱካሞ ይህን ባወራ ቁጥር ይስቃል። «ልጁ የታመመ መስሎኝ ውሃ ሰጠሁት» ይላል።

ናኦል ቀሪዎቹን ካርቶኖች አገላብጦ አይቶ፣ የትኛው ምን እንደሚያወጣ ነገረው። ዱካሞም ውሎ አድሮ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ጆሃንስበርግ ውስጥ ፎርድስበርግ ገበያ ከእኔ ጎን ቦታ ያዘ። እኔ ካልሲና ፒጃማ እሸጣለሁ። ደግ ጎረቤት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ከራሱ ዕቃ በፊት የእኔን ነው የሚሸፍነው። መጀመሪያ አዝኜለት ነበር። በዚህ ክፉ ከተማ ማን የልጅ መጽሐፍ ይገዛል ብዬ። ልጆች እውነትም አልገዙም። የሚገዙት ጢማቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው እያዩ።

ጥሩ ኮሚክ ማለት ትናንት ከማተሚያ ቤት የወጣ የሚመስል ነው። ጀርባው ላይ ስንጥቅ የለውም፣ ማዕዘኑ አልታጠፈም፣ የተሰፋበት ሽቦ አልዛገም፣ ወረቀቱ አልወየበም። ከዚህ አንዱ ከጎደለ ደረጃው ይወርዳል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ዱካሞ ይህን የተማረው በኪሳራ ነው። ሱሪውን ፍራሽ ሥር አንጥፎ የሚተኩስ ሰው ስለሆነ፣ ኮሚኮቹንም ይቃኑልኝ ብሎ ፍራሹ ሥር አድርጎ ተኛባቸው። ዱካሞ ደግሞ ወፍራም ነው። ሲነሣ እንደ ቆርቆሮ ጣራ ጎብጠው አገኛቸው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ከጀርባው ካርቶን እየደገፈ በላስቲክ ያሽጋል። እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ገና እንደተወለደ ሕፃን ነው የሚያነሣቸው።

አንድ ቀን «ለመሆኑ አንብበሃቸው ታውቃለህ?» አልኩት።

«ተይ እንጂ እቴ፣ ከከፈትኩትማ ደረጃው ይወርዳል» አለኝ። አንዱንም አላነበበም።

የኮሮና ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት ኖምቩላ የምትባል ሴት ካልሲ ልትገዛ መጣች። ቮስሎሩስ የምትኖር፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ቤት የሠራች ጡረተኛ ናት። ካልሲውን ይዛ ዞር ስትል ከዱካሞ ጠረጴዛ ላይ አንዱን ኮሚክ አይታ ደርቃ ቀረች። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት ዣንጥላ ዘርግታ በሚሮጥ ባቡር ጣራ ላይ ቆማለች።

«ማይ ፍሬንድ» አለችው። እዚህ አገር እኛን ባለሱቆቹን ሁሉም የሚጠራን እንዲህ ነው። «ይኼ አንደኛው ቁጥር ነው?»

«አንደኛው ነው፣ ጎጎ።» ጎጎ በዙሉ አያቴ እንደማለት ነው።

ታሪኩን እዚያው ቆማ ነገረችን። ልጃገረድ ሆና በምትሠራበት ቤት ልጆቹ ኮሚክ ይጥላሉ። የዚህኑ ታሪክ ሁለተኛ ቁጥር ከቆሻሻ መጣያ አውጥታ ወሰደች። እንግሊዝኛ ማንበብ የለመደችው በሱ ነው፤ ወረቀቱ እስኪበጣጠስ አነበበችው። ነገር ግን ሁለተኛው ቁጥር የሚጀምረው ሴትዮዋ ባቡሩ ጣራ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። እንዴት እንደወጣች፣ ከማን እንደምትሸሽ አታውቅም።

«ይኸውና አርጅቼ መጀመሪያውን አላውቅም» ብላ ሳቀች።

ኮሚኩ ከዱካሞ ዕቃዎች ሁሉ በዋጋ የላቀው ነበር። እሷ የያዘችው ደግሞ የካልሲ ገንዘብ ነው። ዱካሞ ትንሽ አሰበና «ለይባይ እናድርገው» አላት። እዚህ ልማድ ነው፤ የአቅምህን እየከፈልክ ትቆያለህ፣ ዕቃው ስምህ ተለጥፎበት ባለሱቁ ጋ ይቀመጣል። ኖምቩላ የያዘችውን ሰጠችው። እሱም ስሟን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ላስቲኩ ላይ ለጠፈው። ካልሲውን መለሰችልኝ።

ጡረታዋን በተቀበለች ቁጥር እየመጣች ትንሽ ትከፍላለች። ሽፋኑን አይታ ትሄዳለች፤ ክፈትልኝ ብላ አታውቅም።

ከዚያ ሎክዳውን ሆነ። ምግብ ካልሸጣችሁ ዝጉ ተባልን። ካልሲም ኮሚክም ለኑሮ አስፈላጊ አይደለም ተባለ፤ ይሁን። ዱካሞ ካርቶኖቹን በጀርባው እያመላለሰ ሜይፌር ሰፈር እኔም በምኖርበት ግቢ ውስጥ ወዳለው ክፍሉ አስገባ። ወገቡ የዚያን ጊዜ ተጎዳ። አንድ አሮጌ ባኪ ብቻ፣ ኋላው ክፍት የሆነ የጭነት መኪና፣ ቢኖረኝ ይል ነበር። እኔም ይኖርሃል እለዋለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ያላሰብነው ነገር መጣ። ሰው ቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ የልጅነት መጽሐፉን መፈለግ ጀመረ። የኮሚክ ዋጋ ወጣ። ናኦል በስልክ እያገናኘው ዱካሞ ከክፍሉ ሳይወጣ ይሸጥ ጀመር። አንድ ቀን ናኦል ራሱ ማስኩን አጥልቆ ግቢው በር ላይ መጣ።

«ጋሼ ዱካሞ! ለዣንጥላዋ ሴትዮ ገዢ አገኘሁ። ባኪህን ዛሬ ነው የምትነዳው!»

«እሷ የሰው ናት።»

«የማን?»

«የጎጎ ኖምቩላ። ስሟ ተለጥፎባታል።»

«ሴሪየስ ነህ? እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ሌላ አታገኝም! ሴትዮዋ ከመጣች ስንት ጊዜዋ? ያቺ ስልኳ አይሠራም ያልከኝ ናት አይደል? የከፈለችውን ትመልስላታለህ፣ በቃ!»

«ገንዘቡንማ እመልሳለሁ። መጀመሪያውን ግን ከየት አምጥቼ ልስጣት?»

ናኦል ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ንገሪው እንጂ! ሰዉ እየሞተ ነው። ይቅርታ፣ ግን እሷም ሞታ ቢሆንስ?»

ዱካሞ የበሩን ብረት ያዘ። በዚያ ሰሞን ያልመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

«ከሞተች ለቅሶ እደርሳለሁ» አለ ዱካሞ። «ሳላውቅ ግን አልሸጥም።»

«አንተ የባኪ ሳይሆን የአህያ ሰው ነህ!» ብሎት ናኦል ሄደ። በማግስቱ ግን ለዱካሞ ወገብ የሚቀባ መድኃኒት ይዞ ተመለሰ።

መንገድ ሲከፈት ዱካሞ በታክሲ ቮስሎሩስ ወረደ። የቤቷን ቁጥር አያውቅም። ሱቁን ሳይከፍት በፊት ብርድ ልብስ ተሸክሞ በዱቤ ሲሸጥ የዞረበት ሰፈር ስለሆነ ግን በየበሩ «ሳውቦና» እያለ ሰላምታ ሰጥቶ ጠየቀ። ግማሹ በስሙ ያውቀዋል፤ አንዷማ ብርድ ልብሱ እስካሁን እንዳለ አውጥታ አሳየችው። መጨረሻ ላይ የኖምቩላን ጎረቤት አገኘ። እህቷ ሞታባት ለቀብር ሩቅ ናታል ክፍለ ሀገር ገጠር ሄዳለች፤ የእህቷን ልጆች የሚይዝ ስለሌለ እዚያው ቀርታለች፤ ትመለስ አትመለስ አይታወቅም አሉት።

ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። «በሕይወት አለች!» አለኝ። ባኪው ከእጁ እንደወጣ ገባኝ። እሱም ገብቶታል፤ እየሳቀ ወገቡን እያሸ ወደ ክፍሉ ገባ።

ገበያው ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። እኛም ወጣን፣ ገባን። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ጠንከር ስትል፣ ጥቁር የለበሰች ቀጭን ሴት ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ማስክ ስላደረገች አላወቅናትም።

«ማይ ፍሬንድ» አለች። «ሸጥከው?»

ዱካሞ ከመቀመጫው እንዴት እንደተነሣ እንጃ። «ጎጎ! ወዴት ይሸጣል? ስምሽ አለበት!»

የጎደለውን ከፈለች። እሱም እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ ከካርቶኑ ሥር አወጣላት። ናኦልም ያን ቀን ዕቃ ሊያይ መጥቶ እዚያው ነበር። «ጎጎ፣ ፕሊስ፣ እንዳለ በላስቲኩ ያዢው» አላት በእንግሊዝኛ።

ኖምቩላ የእኔን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ላስቲኩን ቦጨቀችው። ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች፣ ጣቷን በምራቋ አራሰች፣ ሽፋኑን ገለጠች።

ናኦል ጭንቅላቱን ያዘ። «ወረደ!» አለ በአማርኛ። ሁለተኛውን ገጽ ጣቷን አርሳ ስትገልጥ «አሁንም ወረደ!» አለ። ለተሻለ ብርሃን መጽሐፉን ወደ ኋላ አጥፋ ስትይዘው ፊቱን ወደ ካልሲዎቼ አዞረ።

«ዝም በል፣ እያነበበች ነው» አለው ዱካሞ።

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቀስ ብላ ታነባለች። አንድ ቦታ «ሃው!» ብላ ጭኗን መታች። ዱካሞ አላስቻለውም።

«ምን ሆነች?»

«ማን?»

«ሴትዮዋ ናታ! ባቡሩ ላይ እንዴት ወጣች?»

ኖምቩላ ቀና ብላ አየችው። «ይኼን ያህል ጊዜ እጅህ ላይ ቆይቶ አላነበብከውም?»

«ደረጃው...» ብሎ ጀመረና የታጠፈውን ሽፋን አይቶ ተወው።

«ና ቁጭ በል» አለችው። እሱም ካርቶን ገልብጦ ከጎኗ ተቀመጠ፤ እሷ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ በዙሉ ታብራራለች፣ ሥዕሉን በጣቷ ታሳያለች። ደንበኛ ሲመጣ ዱካሞ ቀና ሳይል ወደ እኔ ይጠቁማል፤ እየተነሣሁ አስተናግዳለሁ።

ናኦል ጥቂት ቆሞ ታገሠ። በኋላ ከኋላቸው መጥቶ አንገቱን አሰገገ።

«ጋሼ፣ ጠጋ በል እንጂ» አለ። «ለእኔ አይታየኝም።»