በክብር አዳራሹ የተሰቀለችው በያጅ

አክስቴ በያጅ ናት። እጇ ብረት ይበይዳል፣ አፏም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጓደኛዋ ደግሞ ከሰው ሳትነጋገር ቢመሽባት ግድ የሌላት ሴት ነበረች። ሠፈሩ አንዷን «ወሬኛዋ»፣ ሌላዋን «ዝምተኛዋ» ይላቸው ነበር፤ እነሱም ተቀይመው አያውቁም።

የተዋወቁት የሰው ወርክሾፕ ሲጠርጉ ነው። መጥረጊያውን ጥለው ብየዳ እንማር ሲሉ አለቃቸው ሳቀባቸው። ያው ሰውዬ ኋላ የገዛ ቤቱን በር ያሠራው እነሱ ጋ መጥቶ ነው። በራሳቸው ሱቅ አክስቴ ደንበኛ ታግባባለች፣ ብረቱን ለክታ ትቆርጣለች፣ ነካ ነካ አድርጋ ታያይዘዋለች። የመጨረሻውን ብየዳ፣ ያንን ዓይን የሚያርፍበትን መስመር፣ የምታወጣው ዝምተኛዋ ነበረች። አክስቴ ራሷን ማሞገስ አትጠላም፤ እዚህ ላይ ስትደርስ ግን «እጅስ የእሷ» ትላለች።

አምና ዝምተኛዋ ታማ ሞተች። አክስቴ ብዙ ጊዜ ሱቁን ከፍታ ትቀመጥ ነበር እንጂ ማሽኑን አታስነሳም። ያኔ በጣም ታሳዝነኝ ነበር።

ዘንድሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ላይኛው ፎቅ የሴቶች የክብር አዳራሽ ሊከፈት ሆነና ከበያጆች አክስቴ ተመረጠች። እኛ በደስታ ሰከርን፤ እሷ ግን የኮሚቴውን ሰብሳቢ ሙግት ገጠመቻት።

«ብቻዬን አይሆንም። ጓደኛዬም ትግባ።»

«እትዬ፣ ደንቡ ከአንድ ሙያ አንድ ሴት ነው የሚለው። እሷም በሕይወት ያለች።»

«የሞተ ተጎዳ ማለት ይሄ ነው» አለችና ዝም አለች። አክስቴ ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብን።

በሥራ ላይ የተነሣችው ፎቶ ሲፈለግ ከሱቁ ግድግዳ አንዱን አውርዳ ሰጠች። ጭንብል ያጠለቀች ሴት የብረት በር ላይ ጎንበስ ብላ ትበይዳለች፤ ፍንጣሪው ዙሪያዋን ይረጫል። ፊቷ አይታይም። «የበያጅ ፊት እንግዲህ ይኸው ነው» አለች። እኔም ሰብሳቢዋም አመንን።

በምረቃው ቀን አክስቴ የዝምተኛዋን እናት ደግፋ አምጥታ ከፊት አስቀመጠቻቸው። ፎቶው ተገልጦ ጭብጨባው ሲበርድ፣ እማማ ከወንበራቸው ተነሥተው ተጠጉት። የብየዳውን መያዣ የጨበጠውን ግራ እጅ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ልጄ ናት» አሉ። «ግራኟ ልጄ። በግራሽ አትጻፊ እያልኩ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ።»

አክስቴ በቀኟ ነው የምትሠራው። ሰብሳቢዋ አክስቴን አየች፣ አክስቴ ጣሪያውን። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰብሳቢዋ የአክስቴን ክንድ ይዛ እኔ ወደ ቆምኩበት ጥግ ወሰደቻት።

«እትዬ፣ ምነው እንዲህ ጉድ ሠሩን? የራስዎን ፎቶ ካላመጡ እኮ ስምዎ መውረዱ ነው።»

«ይውረድ» አለች አክስቴ። ክብሩን ጠልታው አይደለም፤ ለዚያ ቀን አዲስ ጫማ የገዛች ሴት ናት። «እኔን ማየት የፈለገ ሱቅ ይምጣ። ከጠዋት እስከ ማታ አለሁ፣ ጆሮው እስኪደነቁር አወራዋለሁ። እሷን ግን የት ሄዶ ያያታል?»

ይህን ጊዜ እማማ ከፎቶው ሥር ወደ ተለጠፈው ሰሌዳ አጎንብሰው ተጣሩ።

«ልጆች፣ ፊደሉን ዓይኔ አይለይልኝም። ምን ይላል የተጻፈው?»

የተጻፈው የአክስቴ ስም ነበር። ሰብሳቢዋ ሄዳ ከእማማ ጎን ቆመች፤ ሰሌዳውን ትንሽ አየችው።

«የልጅዎ ስም ነው እማማ» አለቻቸው።

አክስቴ ከሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን አለቀሰች። ሰሌዳው በማግስቱ ተቀየረ። የአክስቴ ስም እስከ ዛሬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም።