ቤቴን የሚያፈርሱትን የመረቅሁ ዕለት

መመረቅ እወዳለሁ። ይህን አስቀድሜ ራሴ ልናገር፤ ባለቤቴ ከተናገረችው የባሰ ይሆናል። ናይሮቢ ውስጥ ሐበሻ ልጁን ሲድር ወይም ምግብ ቤት ሲከፍት «አባታችን ተነሥተው ይመርቁን» ከተባለ፣ ጥሪው ሳያልቅ ቆሜ እገኛለሁ። ደረጃ ለመውጣት ሲሆን የሚያቃስተው ጉልበቴ ያን ጊዜ የጎረምሳ ነው። አንድ ቀን የማላውቃቸውን ሙሽሮች መርቄ፣ ኬካቸውን ከበላሁ በኋላ ነው የተጠራሁበት ሠርግ ከላይ ባለው ፎቅ ላይ መሆኑን የሰማሁት።

የምንኖረው ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር፣ በዚህ አገር ፍላት በሚሉት ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስንገባ ዙሪያው ግቢና ዛፍ ነበር። አሁን በግራም በቀኝም ሕንፃ ወጥቶብን፣ ፀሐይ ምሳ ሰዓት ላይ ለአፍታ ጎብኝታን ትሄዳለች። የሚገርመኝ፣ እነዚያ ሕንፃዎች ሲመሽ አብዛኛው መስኮታቸው ጨለማ ነው። ቤት የሚፈልግ ሰው መንገዱን ሞልቶት፣ ሰው የሌለበት ቤት ሰማይ ላይ ተደርድሯል። ጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ የሚሠራ አንድ ዘመዴ ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር፤ ሰዎቹ ቤቱን የሚገዙት ሊኖሩበት ሳይሆን ሊያስቀምጡት ነው አለኝ። ቤት እንደ ቅቤ ይቀመጣል እንዴ ብዬ በሆዴ፣ የገባኝ ሰው መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ የእኛም ፍላት ተሽጧል የሚል ወሬ መጣ። የአከራያችን ልጅ አልተሸጠም አለ። ዘበኛው ተሽጧል አለ። ውሃ በቦቴ የሚያመጣልን ሰውዬ ደግሞ አዲሱ ሕንፃ ስንት ፎቅ እንደሚሆን ሳይቀር ነገረን። ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ። ከዚህ ከተነሣን አሁን በምንከፍለው ኪራይ ኪሊማኒ ውስጥ ሌላ ቤት እንደማናገኝ ግን እኔም ባለቤቴም እናውቃለን። የባለቤቴ ቤተ ክርስቲያንም፣ ሐኪሟም፣ በአማርኛ የምታማቸው ጓደኞቿም በእግር የሚደረስባቸው ከዚህ ነው። ከከተማው ውጭ ርካሽ ነው በተባለው ሰፈር የምታውቀው አንድ ሰው የለም።

ከላያችን የምትኖር ኬንያዊት ጡረተኛ ነርስ አለች። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «ምዜ» ትለኛለች፤ በእነሱ አፍ ሽማግሌ ማለት ነው። አንድ ቀን እሷ ደረጃውን ስትወርድ እኔ ስወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት አጠገባችን ባለው ባዶ ግቢ ስለ ቤታችን ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀር አለችኝ። ሌላም ነገር ተናግራለች፤ እኔ ግን ትንፋሼን እየፈለግሁ ነበር። ተከራዮች የጠራነው ስብሰባ መሰለኝ።

ቅዳሜ የሠርግ ሱፌን ለብሼ ቀድሜ ደረስኩ። ነጭ ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሩ ጨርቅ ለብሷል፤ ሶዳ በበረዶ ተዘፍዝፏል። ለቦቴ ውሃ የምናዋጣ ሰዎች ይህን ሁሉ ከየት አመጣነው ብሎ መጠየቅ የጤነኛ ሰው ሥራ ነበር። ሶዳው ግን በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ጫማው የሚያብረቀርቅ ወጣት ክንዴን ይዞ ከፊት አስቀመጠኝ፤ የአንዱ ተከራይ የተማረ ልጅ ነው ብዬ በሆዴ አመሰገንኩት። በዚህ አገር ስብሰባ ያለ ጸሎት አይከፈትም። ወጣቱ በዕድሜ የገፋ ሰው ፈልጎ ዞር ዞር ሲል፣ እኔ አንገቴን አስረዘምኩለት።

«ምዜ፣ በጸሎት ይክፈቱልን» አለኝ።

የእኔ ስዋሂሊ ከገበያና ከማታቱ ታክሲ አያልፍምና በአማርኛ ለቀቅሁት። የተጀመረው ይፈጸም፤ ያሰባችሁት ይሳካ፤ እጃችሁ የነካው ይባረክ፤ በፊታችሁ የሚቆም አይኑር። አንድም ቃል ያልገባው ሕዝብ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር አሜን ይላል። በአንድ ዓይኔ ሳይ ነርሷ ገብታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ እሷም አሜን ትላለች። እንዲህ ያለ አሜን አግኝቼ ስለማላውቅ አስረዘምኩት።

ስቀመጥ ወጣቱ አንድ ትልቅ ሥዕል ገለጠ። ሰማይ የሚነካ ሕንፃ ነው። የእኛን ፍላት ብፈልግ አጣሁት፤ በቦታው ሰማያዊ ውሃ አለ። የመዋኛ ገንዳ ነው አሉ። በእኔ ግምት ጥልቁ በኩል መኝታ ቤታችን ላይ ያርፋል። ስብሰባውን የጠራው ገንቢው ድርጅት፣ ወጣቱም የእሱ ሠራተኛ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ነርሷ ደረጃው ላይ የነገረችኝ፣ ሄደን እንቃወም ብላ ኖሯል።

እሷም ተነሥታ ተናገረች፤ እዚህ ሰው ይኖራል፣ ማንም አልጠየቀንም፣ የት ልንሄድ ነው አለች። ወጣቱ በትሕትና አዳምጧት ሲያበቃ በሙሉ መዳፉ ወደ እኔ አመለከተ።

«የቤቱ ሽማግሌ እንኳ መርቀውናል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሶዳው መምጠጫ አፌ ውስጥ ነበር፤ በክብር የማወጣበት መንገድ አጣሁ።

በዚያው ቀን እጄን ዘርግቼ የቆምኩበት ፎቶ በየስልኩ ዞረ። ምድር ቤት የምትኖረው የእኛው አገር ልጅ፣ ሐበሻ ምግብ ቤት የምታበስል ናት፣ ምርቃቴን ቃል በቃል ለጎረቤቱ ተረጎመችው። «ጋሼ፣ በፊታችሁ የሚቆም አይኑር ብለዋል እኮ፤ የቆመችው ደግሞ ነርሷ ናት» አለችኝ። እናንተም አሜን ብላችኋል ብዬ ተከራከርኩ፤ የሰማኝ የለም። ምርቃቱን መልስ ተባልኩ። እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ፓስተራችንን ብጠይቀው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አሰበ፣ በመጨረሻ እንደ እኔው ግራ ገብቶት ሻይ አዘዘልኝ።

ባለቤቴ አላዘነችልኝም። «ስትመርቅ ኖረህ አሁን ደግሞ ርገም ሊሉህ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ዝም የምትለው መቼ ነው?»

መርገም አልችልም። ክንዴን የያዘኝ ልጅ ምን አደረገኝ? እሱም ይሄኔ ተከራይ ይሆናል።

ነርሷ ተከራዮቹ አልተሰሙም እያለች ስትወተውት ድርጅቱ ሌላ ስብሰባ ጠራ። ወጣቱ ራሱ ደውሎ እንደገና በጸሎት ይክፈቱልን አለኝ። ነርሷ ሂድ አለችኝ፤ አሜን የምንለው ለምን እንደሆነ እንድናውቅ ግን በስዋሂሊ አድርገው አለች። ሁለት ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አስጠናችኝ።

በሰባራ ስዋሂሊ እንዲህ አልኩ፦ «አምላክ ሆይ፣ እዚህ በሚሠራው ቤት ውስጥ እኛም እንግባ። አሁን በምንከፍለው ኪራይ እንግባ። እስኪያልቅም የምናድርበትን እነዚህ ልጆች ይፈልጉልን።» የተከራዩ አሜን ድንኳኑን አራገበው። ዓይኔን መጨፈን ሲገባኝ ወጣቱን አያለሁ። በመጀመሪያው ላይ ከልማዱ አሜን አለ። ኪራይ ስል አፉ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ጸሎቱ ሲያልቅ የሽማግሌው ሐሳብ ለበላይ ይቀርባል አለና ሶዳ ታደለ።

ስንመለስ ምግብ አብሳይዋ፣ ልጁ ለኪራዩም አሜን ብሏል አለች፤ ነርሷ ማዛጋቱ ነው አለች። ከሁሉም ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝና ዳኝ ተባልኩ። ያዛጋም ይመስለኛል፤ ያለም ይመስለኛል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ከሱቅ ካርቶን ለምና ደርድራለች።

«እህ፣ ልሰር ወይስ ልተው?»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። የልጁን አፍ ሳይቀር በራሴ አፍ ከፍቼ አሳየኋት። ጠጋ ብላ አየችው።

«ይህማ አሜንም ማዛጋትም አይደለም» አለች።

ሳህኖቹን በጋዜጣ ጠቅልላ ካርቶን ውስጥ ከተተች። ድስቱ ላይ ስትደርስ እጇን ሰብስባ ቆመች፣ መልሳም ምድጃው ላይ ጣደችው። የዚያን ቀን ምሳችንን ከድስቱ በላን።