የወለተ ኪዳን ቤትና የእድሩ ስሚንቶ

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የወንድማቸውን ተዝካር አውጥተው ከደብረ ኤልያስ ሲመለሱ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው የአባታቸው ቤት መልኩ ተለውጦ ጠበቃቸው። ተሰነጣጥቆ የነበረው የጭቃ ግድግዳ ከመሠረቱ እስከ ሰገነቱ በስሚንቶ ተለስኗል። የእድራቸው ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው ይስቃሉ።

«ይኸው እትየ፣ ቤትዎን ሙሽራ አደረግነው» አለ የእድሩ ዳኛ አንተነህ። «በሐዘንዎ ላይ የጭቃ ሥራ አይጨመርብዎ ብለን ነው።»

«ቀለምም እንቀባው ብዬ ነበር» አለች ጎረቤታቸው የብርጓል፤ «ምን ይሆናል፣ አንተነህ የእድሩን ሣጥን ከሚስቱ አብልጦ ይጠብቃል።»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ግድግዳውን ያዝ አድርገው ቆሙ። የቤቱ ግብር ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸው ሊሸጡት ተቃርበው ነበር። ኋላ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ባለሙያ መጣና ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን ነገራቸው። በጥንቱ አሠራር፣ በጭቃና በእንጨት ካደሱት ግብሩ ይቀርልዎታል፤ ስሚንቶ ከነካው ግን የለም አላቸው። ጓሮ ውስጥ ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክተው እስኪብላላ የሚጠብቁት ለዚህ ነበር። ለእድሩ ግን ትንፍሽ አላሉም። የዚያ ቤት ልጅ ግብር መክፈል አቃታት መባልን ከሞት አብልጠው ፈርተውት ነበር።

ባለሙያው ቤቱን ሊያይ የሚመጣው ነገ ነው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካችሁ» ብለው መርቀው ሸኟቸው። ሰዉ ሲበተን መዶሻ አንሥተው ስሚንቶውን መቱት። ብቻውን አልወረደም፤ የአባታቸውን ጭቃ ይዞ ተገመሰና ማገሩ አገጠጠ።

ድምፁን ሰምተው አንተነህና የብርጓል ተመለሱ።

«ምነው እትየ፣ ሥራችንን ጠሉት?» አለች የብርጓል።

ያን ጊዜ ሁሉን ነገሯቸው። አንተነህ መዶሻውን ተቀብሎ በሌላ በኩል ቢሞክር ከላይ ሰገነቱ ሲንቋቋ ተሰማ። እጁን ሰበሰበ።

«ከዚህ በላይ ከነካነው ይወርድብናል» አለ። «ምነው እትየ፣ አንዲት ቃል ቢተነፍሱልን? ጭቃውን በወንፈል ረግጠን እናወጣልዎ አልነበር?»

«ኩራቴ አልለቀኝም።»

«ነገ እኔ አስረዳዋለሁ። እኛ ነን ያጠፋን እለዋለሁ።»

«አትለውም። የተመዘገበ ቤት ያበላሸ ይጠየቃል ብሎኛል። እኔ ነኝ ያስለሰንሁት እላለሁ፤ ማንም ስማችሁን አያነሣም።»

«ግብሩስ?»

ወይዘሮ ወለተ ኪዳን የተገመሰውን ጭቃ በእግራቸው ወደ ጥግ ሰበሰቡ።

«ቤቱን የሚገዛ ሰው ጠይቅልኝ። ግን ይህን ግድግዳ ቀርቦ አይቶ ይግዛ፤ ሰው አላታልልም።»