ስንዝር የማትሞላው ጀት

የባሌ አባት ወልቂጤ በመጡ ቁጥር የእንጨት አውሮፕላኖቼን አገላብጠው ያዩና “ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ብለው ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ከሰሜን ተመድቤ መጥቼ እዚሁ አግብቼ ቀርቻለሁ። ከክፍል መልስ ዋንዛ እየፋቅኩ፣ አንድ ስመ ጥር አብራሪ በዘመናቸው ያበረሯቸውን አውሮፕላኖች በትንሹ እሠራለሁ። ልጅ ሆኜ ፎቷቸውን ከጋዜጣ ቀድጄ ደብተሬን ለብጄበታለሁ። የትውልድ መንደራቸው ጉንችሬ አጠገብ መሆኑን ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ባሌ እንደሚለው ከሆነ ግን ያገባሁትም ለዚሁ ነው።

አምና አብራሪው ለመስቀል አገራቸው እንደሚገቡ ተሰማ። ለመስቀል የማይገባ የለም፤ የአዲስ አበባ ነጋዴ መኪናውን ይዞ፣ ያልሆነለትም የተዋሰውን ጃኬት ለብሶ ይገባል። የእሳቸው አገባብ ግን ኮሚቴ አስፈለገው። አማቼ ሰብሳቢ ሆኑ፣ ቆብ ቀዳጇ መነኩሲትም በአንድ ጀምበር “ባለሙያዋ ልጃችን” ተባለች። ሦስት አውሮፕላኖች ታዘዝኩ፦ በረራ የተማሩበት፣ በጦርነቱ ጊዜ ስም ያተረፉበት ጀት፣ እና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አበባ ወደ ውጭ ያመላለሱበት የጭነት አውሮፕላን።

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እኚያ ሰው ሥራዬን አይተው “ልክ ነው” እንዲሉኝ። የሌላ ሰው ምስጋና አያስፈልገኝም፤ ሌላው ምን ያውቃል?

ሁሉንም አንድ ለመቶ ሠራኋቸው። የእውነቱ አንድ ሜትር በእንጨቱ አንድ ሳንቲሜትር ማለት ነው። ኮሚቴው መጥቶ አየ። የጭነቱ ከክንድ ያልፋል፤ ጀቷ ስንዝር አትሞላም።

“ጀግና ያደረገቻቸው ይቺ ናት?” አሉ አማቼ። “የክትፎ ማንኪያ እኮ ትበልጣታለች።”

“አባባ፣ የእውነቷም ከጭነቱ ጋር ስትተያይ ትንሽ ናት። ልኬቱ ነው።”

“አበባ የጫኑበት ይኼን አክሎ፣ የተዋጉበት ይቺን? እንግዳ ጠርተን ልንሰድብ ነው? ልኬት የሚወጣው በክብር ነው፣ ልጄ።”

የኮሚቴው አባላት በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከመካከላቸው አንድ የሕንፃ ተቋራጭ አለ፤ እሱም ነቀነቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱ በሠራው ፎቅ ሥር ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ቤት ገብቼ “እንግዲያው አንዱንም አልሰጥም” ስል ባሌ “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ካልሰጠሁ አብራሪውን አላገኛቸውም። በንዴት ጀቷን እንደገና ሠራሁ፤ የጭነቱን እጥፍ አድርጌ። ጉንችሬ የደረሰችው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ታስራ ነው። አብራሪው ሲያዩዋት ይስቃሉ፣ ያኔ ትክክለኛዋን ከቦርሳዬ አወጣለሁ፣ ኮሚቴውም መግቢያ ያጣል ብዬ አሰብኩ።

በበዓሉ ቀን አብራሪው መጡ፤ አጠር ያሉ፣ ንጹሕ ሽማግሌ ናቸው። ትልቋ ጀት ፊት ቆሙ። አሁን ይስቃሉ ብዬ ቦርሳዬን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ክንፏን ደባበሱ፤ መነጽራቸውን አውልቀውም ዓይናቸውን ጠረጉ።

“ልክ እንዲህ ነበረች” አሉ። “ሌላው ሰው ሁሉ ያሳንሳታል።”

አማቼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያንን የአብራሪውን የዕድሜ ልክ እንጀራ፣ የጭነቱን አውሮፕላን፣ ማንም ዘወር ብሎ አላየው፤ ራሳቸው አብራሪውም ጭምር።

እጄ ቦርሳው ውስጥ ነበርና ትንሿን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ስለ ልኬቱ ላስረዳ አፌን ስከፍት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩዋት፣ ፈገግ አሉ፣ መለሱልኝ።

“ይቺ ደግሞ ለሕፃናት መጫወቻ ጥሩ ናት። በርቺ፣ ልጄ።”

ስንት ዘመን የጠበቅኩት “ልክ” መጣ፤ የመጣው ግን ለውሸቷ ነው። አለቀስኩ። አማቼ የደስታ መስሏቸው ክትፎ አጎረሱኝ።

ትንሿን አሁን ልኬት ሳስተምር ክፍል ይዣት እገባለሁ። ተማሪዎቼ የማን አውሮፕላን እንደሆነች ሲጠይቁኝ ድሮ ቢሆን የአብራሪውን ገድል እስከ ደወል እተርክላቸው ነበር። አሁን “የኔ ናት” እላለሁ።