ሦስት ጊዜ የፈረሰው ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን መቃብር የሚሠራው ግንበኛ ቱምቢውን በክሩ አንጠልጥሎ ሲለቀው፣ ብረቱ ተወዛውዞ እስኪረጋ ድረስ ዐይኔን መንቀል አቃተኝ። የደከመኝ መስሎት ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። እኔን ቱምቢ መያዝ ያስተማረኝ ከመቃብሩ ሥር የተኛው ሰው ነው።

እጃጂ ከተማ ነበርን። ማትሪክ ወድቄ ቤት የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። ቀበሌው አውቶቡስ መቆሚያው አካባቢ ሲደባደቡና ኪስ ሲገቡ የተያዙ ዘጠኝ ወጣቶችን ሰብስቦ፣ የከተማውን ክሊኒክ እየሠሩ ግንበኝነት እንዲማሩ ለዋናው ግንበኛ ለኦቦ ገመቹ ሰጣቸው። እኔ ስም መዝጋቢ ሆንኩ። ጎረምሳ ሁሉ ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ስለነበር፣ ኦቦ ገመቹ ማኅተም ያለው ወረቀት ከኪሱ አይለይም ነበር። ሕንጻው እስኪያልቅ ልጆቹን ማንም እንዳይወስዳቸው የሚል ነው።

መጀመሪያ በአካፋ ይፈላለጉ ነበር። በጋው ሲጋመስ ግን ድንጋይ አገላብጠው ፊቱን የሚመርጡ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ተካፍለው የሚበሉ ሆኑ። ኦቦ ገመቹ ብቻ አልረካም። ወደ መንገዱ የሚያየውን ግድግዳ ሦስት ጊዜ አስፈረሰ። ቱምቢውን አስጠግቶ ራሱን ይነቀንቅና፣ “ጠማማ ነው፤ አፍርሱት” ይላል።

“ኦቦ ገመቹ፣ ከዚህ ግድግዳ ጋር ሊያጋቡን ነው እንዴ?” ይለዋል ቶሌራ የሚባለው አፈኛ። ይሳሳቃሉ፤ ያፈርሳሉ። እኔ በልቤ፣ ይህ ሰውዬ ልጆቹን አያምናቸውም እል ነበር።

ክረምቱ ሲቃረብ በጅባት ተራራ በኩል ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። ሸራ የለበሱ የወታደር መኪናዎች ባዶ ይሄዳሉ፤ ሙሉ ሆነው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ከሸራው ሥር ድምፅ አይሰማም። መኪናው አልፎ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ ከልጆቹ አንዱም መዶሻ አያነሳም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ኦቦ ገመቹ ለአራተኛ ጊዜ የተገነባውን ግድግዳ አይቶ፣ ሰኞ ይፈርሳል ብሎ ሲሚንቶ ሊያመጣ አምቦ ሄደ። የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻውን መጣ። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ዞር ዞር አለና፣ “ይህን ሁሉ ወር ይህቺኑ? የዱርዬ ግድግዳ እንደ ሠሪው ጠማማ ነው መቼም” አለ።

ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ተናደድኩላቸው። ቱምቢውን አንስቼ ግድግዳው ጫፍ ላይ አንጠለጠልኩት። ክሩና ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች እኩል ወረዱ።

“ይኸው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው።”

ጎንበስ ብሎ አየ። “እንግዲያው የእነሱ ሥራ አልቋል። ቆርቆሮውን ሌላ ይመታዋል” አለና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው አላለፈም፤ ቆመ። ወታደሮቹ ዘጠኙንም ከእኔው መዝገብ በየስማቸው ጠሯቸው። ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን ይዞ ሮጠ። አንዱ ወታደር አነበበና መለሰለት፤ ሥራው ማለቁ ተነግሮናል አለው።

አቧራው ከረገፈ በኋላ ኦቦ ገመቹ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። “ቀጥ ያለ ነበር” አለኝ። “መጀመሪያ የፈረሰውም ቀጥ ያለ ነበር።” ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ “ማን ነግሯቸው ይሆን?” አለ።

አላውቅም አልኩት።

በሁለተኛው ዓመት እኔና ገመቹ ተጋባን። ከዘጠኙ ሁለቱ ተመለሱ፤ ቶሌራ አልተመለሰም። ገመቹ ያን ጥያቄ ዳግመኛ አላነሳም። ልነግረው ስንት ጊዜ ጀምሬ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ዝናብ አውርቼ ተውኩት። አውቆ ዝም ብሎኝ ከሆነ ዕድሜውን ሙሉ ይቅር ሲለኝ ኖሯል። ሳያውቅ ከሆነ ደግሞ፣ ከማያውቃት ሴት ጋር ኖሮ ሞተ።