ከአጥሩ ማዶ የቀረው ዘር

ባለቤቴ የጓሯችንን ነጭ ሽንኩርት በጥቅምት ተክሎ በታኅሣሥ አረፈ። ከዚያ ወዲህ ሳላጠጣው የዋልኩበት ቀን የለም። በየካቲት ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የጠማው መስሎኝ ውኃ ጨመርኩለት።

ያን ሰሞን ወጣቷ ጎረቤቴ የራሷን ነቅላ በአጥሩ ላይ አሰጣችው። አንዱ ራስ ብቻ ጭብጥ ይሞላል። ዘሩ የባለቤቴ ነው፤ ከጥሊሊ ገበያ አምጥቶ፣ በየዓመቱ ትልልቁን እየመረጠ ያቆየው። በአጥሩ ላይ ሲያቀብላት አይቼ ያን ቀን እራት ላይ አላናገርኩትም ነበር።

እኔም የእኛን ነቀልኩ። እጄ ላይ ፈረሰ። ሥሩ ጠቁሯል፤ ይሸታል። ከመደቡ ሁሉ ለዘር የሚሆን አንድ ራስ አጣሁ።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ያጠጡት ነበር እንዴ?» አለችኝ ከማዶ።

«ሲጠማው ዝም ልበለው?»

«ኧረ አልጠማውም! ቢጫ ሲሆን ውኃ ይከለከላል። እኔ ባጠጣሁ ጊዜ ጋሼ ስንቴ ተቆጥተውኛል!»

ስንቴ። ለእኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልነገረኝም። እውነቱን ለመጻፍ፣ ሊነግረኝ ሲጀምር «አንተና ሽንኩርትህ!» ብዬ ወደ ቤት የምገባው እኔ ነበርኩ። እሷ ቆማ ትሰማው ነበር። ሴት በሟች ባሏ ቁጣ ትቀናለች? እኔ ቀናሁ።

ሦስት ቀን አጥሩ አጠገብ አልደረስኩም። በአራተኛው ዘር ልገዛ በባጃጅ ወደ ቆሰበር ገበያ ወረድኩ። ነጭ ሽንኩርት ሞልቷል። አንዱን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ፤ የእሱ አይደለም። ባዶ ዘንቢሌን ይዤ በቀጥታ እሷ ቤት ገባሁ።

«ለዘር ፈልጌ ነው» አልኳት፤ ቃሉ በግድ ወጣ።

«ለእርስዎ ትልልቁን ለይቼዋለሁ። ብቻ ወጥ ውስጥ እንዳይከቱት፤ ጋሼ ይጣሉኛል!»

በሕይወት እንዳለ ሰው ጠራችው። ዘንቢሌን ሞላችልኝ። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ግን እግሬ እምቢ አለኝ።

«ምን ምን ነበር የሚልሽ?» አልኳት።

«ስለ ሽንኩርቱ?»

«ስለ ሽንኩርቱ። አንድም ሳታስቀሪ፣ እሱ እንዳለው አድርገሽ ንገሪኝ።»

የምቀመጥበት ዱካ አቀረበችልኝ። ቅናቴ አብሮኝ ተቀመጠ። እሷም ድምፅዋን እንደ እሱ ጎርነን አድርጋ ከተከላው ጀመረች።