አጋጪዋና የሚኒባሱ ጣሪያ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ «አጋጪዋ» እንላታለን። ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ መኪናን ከመንገድ ዳር መከላከያ ብረት ጋር ማጋጨት ነው። ጠዋት ገብታ ጃኬቷን ሳታወልቅ፣ «ዛሬስ ስንት መኪና ጨረስሽ?» ስንላት፣ «ገና መግባቴ ነው፣ ታገሡኝ እንጂ!» ትለናለች።

ያን ሰሞን የገደሉ ኩርባ መከላከያ ሊጸድቅ ነበር። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ኩርባ ሚኒባሱን በቀን አራት ጊዜ ይመላለስበታል። የዚህን የኮምፒውተር ግጭት ስሌት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስክሪኑ ላይ ሚኒባሱ ብረቱን ገጨ፣ ተንሸራተተ፣ መንገዱ ላይ ቆመ። ኃላፊያችን ሊፈርሙ እስክሪብቶ አንሥተዋል። እሷ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ፣ «ጣሪያው ባዶ ነው» አለች።

«የሚኒባሱ የኮምፒውተር ሞዴል ሲመጣም እንዲሁ ነው» አልኳት፤ ንድድ ብሎኛል።

«የወንድሜን ጣሪያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

በማግስቱ ሚዛን ተሸክማ መናኸሪያ ሄደች። ከወንድሟ ጣሪያ የወረደውን ሁሉ፣ ጆንያውን፣ ፍራሹን፣ የብረት አልጋውን ሳይቀር አንድ በአንድ መዘነች። ተሳፋሪው «ደግሞ ይሄ ምን አመጣው?» እያለ አጉረመረመባት። አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ! ተመልሳ ሞዴሉ ላይ ጫነችው።

ስሌቱ ሁለት ቀን ፈጀ። እውነቱን ልናገር፣ እንድትሳሳት ተመኝቼ ነበር። ሚኒባሱ ብረቱን ገጨ፤ ጣሪያው ወደ ገደሉ አዘነበለ፤ ከዚያ መላው መኪና ብረቱን ተሻግሮ ተገለበጠ። ክው አልኩ።

ኃላፊው ግን፣ «ጣሪያ ላይ ይህን ያህል መጫን እኮ ክልክል ነው» አሉ።

«ክልክል መሆኑን ገደሉ አያውቅም። እርስዎስ እናትዎን ጠይቀው በሚኒባስ ሲመለሱ ሻንጣዎ የት ነበር?»

ኃላፊው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እስክሪብቶውን አስቀመጡና፣ «እሺ፣ ምን ያህል ከፍ ይበል?» አሉ።

ብረቱን ከፍ እያደረገች ሰባት ጊዜ አጋጨች። ስድስቴ ሚኒባሱ ገደል ገባ፤ በሰባተኛው መንገዱ ላይ ቀረ። ኩርባው ላይ የተተከለውም ያ የሰባተኛው ብረት ነው።

በክረምቱ አንድ ቀን ወንድሟ ደወለ። ጩኸቱ እኔ ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል።

«አንቺ! ዝናቡ ኩርባው ላይ አንሸራቶኝ፣ ያ ብረትሽ የመኪናዬን ጎን ልጥ አደረገው! ተሳፋሪው ወርዶ እያየ ይሥቅብኛል።»

«ጣሪያህ ላይ ጭነት ነበር?»

«ጢም ብሎ! ምነው?»

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«ምንም» አለችው። «እሁድ መጥቼ ጎኑን እኔው ራሴ ቀለም እቀባልሃለሁ።»